ምንም የማይሸት ዳቦ

ወልቂጤ ውስጥ ጀማሉን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ቤቱ በርም መስኮትም የለውም። የጀማሉ ብየዳ ቤት ከእኔ ኪራይ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። እኔ ከጎጃም በፊዚክስ መምህርነት ተመድቤ መጥቼ፣ የጉንችሬ ልጅ አግብቼ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ስሜ ሽባባው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የፈተና ወረቀት ያረምኩት የእሱን መዶሻ እየሰማሁ ነው። ስለ እሱ ለመመስከር ከእኔ የበለጠ የተጎዳ ሰው አይገኝም።

ስለ ጀማሉ በቅድሚያ መታወቅ ያለበት አፍንጫው ነው። ትልቅ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ለሚያየው ሙሉ ሥራ ላይ ያለ ይመስላል። ግን አይሠራም። ለዓመታት የላሜራ ጭስ ሲምግ ኖሮ አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ ባሂራ ሽሮ አርሮባት ቤቱ በጭስ ሲሞላ፣ እሱ እዚያው ተቀምጦ "ዛሬ ቁርስ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ ወተቱ መኮምጠሩንም ሆነ ካልሲው መታጠብ እንዳለበት የምታሸትለት እሷ ናት። እሱ ግን ደህና ነኝ ብሎ ይከራከራል። የፈለጋችሁትን ነገር አፍንጫው ሥር ብታደርጉለት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ፣ "ወላሂ ምንም አይሸትም" ይላል። ከልቡ ነው የሚለው።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ የዳቦ ቤት ምድጃ ካልለወጥኩ ብሎ የተነሳው።

ዳቦ ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ ያለው የእትዬ ዓለምዘውድ ነው። እትዬ ዓለምዘውድ ከጎንደር መጥተው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሃያ ዓመት ብቻቸውን የጋገሩ ሴትዮ ናቸው። የጡብ ምድጃቸው ከሥር እሳት፣ ከላይ ዳቦ ነው፤ እንጨቱን እንደ ጉድ ይበላል። እንጨት ሻጮቹ ደስ ሲላቸው ይመጣሉ፣ ሲከፋቸው ይቀራሉ። የቀሩ ቀን እትዬ በከሰል ይሞክራሉ፤ የከሰሉ ዳቦ ከላይ ነጭ፣ ከሥር ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እንደዚህ ባለ አንድ ቀን በር ለመጠገን የመጣው ጀማሉ ጎንበስ ብሎ የእሳቱን ጉድጓድ አየና "እትዬ፣ ይህ እንጨት አያስፈልገውም" አላቸው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጋራዦች ከመኪና የሚያወጡትን የተቃጠለ ዘይት የትም ይደፉታል። እሱ ዘይቱን ሰብስቦ ሊያነድደው ነው። ድስት ከሚመስለው የአይሱዙ መኪና የፍሬን ታምቡሮ እሳት መያዣ ሠራ፤ ከሴቶች ፀጉር ቤት የተጣለ ማድረቂያ አምጥቶ አየር እንዲነፋበት አደረገ። ዘይቱ ያለበትን ጀሪካን ዘቅዝቆ ትኩሱ ግድግዳ አጠገብ ሰቀለው። ዘይቱ በሙቀቱ ይቀጥንና በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ታምቡሮው ይወርዳል። ያየ ሁሉ ሆስፒታል ትዝ ስላለው የማሽኑ ስም "ግሉኮስ" ሆኖ ቀረ። ጀማሉ ይህን ስም አይወደውም።

የመጀመሪያ ቀን ሲነሳ ድምፁ ባጃጆቹን ሁሉ አስቆመ። ዳቦው በግማሽ ሰዓት ደረሰ፤ ቀይ፣ ነፍቶ የወጣ፣ የሚያምር ዳቦ። አንዱን ቆርሼ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ጋራዥ የጎረስኩ መሰለኝ።

"ጀማሉ፣ ይሸታል" አልኩት።

አሸተተው። "ወላሂ ምንም አይሸትም፣ ቲቸር።"

እትዬ ዓለምዘውድም ይሸታል አሉ፤ ደንበኞቹም አሉ፤ የአንዱ ባጃጅ ሹፌር ይህን ዳቦ ከምበላ ለባጃጄ ባጠጣው ይሻላል አለ። ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ዳቦ ቤት ሄደ። ጀማሉ ታምቡሮውን ለወጠ፣ ቱቦውን አጠበበ፣ ጭስ ማውጫውን በሁለት ሜትር አስረዘመ። እኔም የፊዚክስ መምህር ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም፤ አየር አንሶት ነው፣ አየር ጨምርለት አልኩት። ጨመረ። ማድረቂያው ተቃጠለ፣ ዳቦው መሽተቱን ቀጠለ። ሌላ ማድረቂያ እስኪያገኝ ድረስ ወደ እኔ ሳያይ በደጃፌ ያልፍ ነበር።

በመስከረም መጀመሪያ እትዬ ዓለምዘውድ እኔ ባለሁበት ጠሩት። "ስማኝ ጀማሉ" አሉት፣ "መስቀል እየመጣ ነው። አገር ምድሩ ወደ ቤቱ ሲገባ ዳቦዬን የሚገዛኝ ካጣሁ ይህን ቤት ዘግቼ እህቴ ጋ ጎንደር እገባለሁ። እስከ ደመራ ድረስ ጊዜ እሰጥሃለሁ። ያን ቀን ዳቦው ከሸተተ ማሽንህን ተሸክመህ ትወጣለህ፤ እኔም ቁልፉን አዞራለሁ።" ጀማሉ እሺ አለ። ያን ቀን መዶሻው አልተሰማም። ስምንት ዓመት ዝም በል ስለው የኖርኩት ሰው ዝም ሲል ወረቀት ማረም አቃተኝ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ጥፋት መሆኑን አልክድም።

ባለቤቴ ሀሴት የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ቀኗ ስለደረሰ ለመስቀል ጉንችሬ መውጣት አልቻለችም። ስለዚህ አማቴ መስቀሉን ወደ እኛ ሊያመጡት ወሰኑ። አማቴ ዓመት ሙሉ በቅቤ ዕቁብ ተራቸውን ጠብቀው ያገኙትን ቅቤ፣ በኮሰረቱና በቅመሙ ራሳቸው አንጥረው፣ በጀሪካን ሞልተው፣ በኮባ ጠቅልለው፣ በቃጫ አስረው በሹፌሩ በስምዖን ሚኒባስ ቀድመው ላኩት። "እኔ ሳልመጣ እንዳትነኩት" የሚል መልእክት አብሮ ነበር። በዚያው መኪና ለጀማሉም ከጉንችሬ ጋራዥ ዘይት ተልኮለታል። የጋራዡ ሰውዬ ጨዋ ነው፤ ባለፈው ዘይቱ የአንዲት ተሳፋሪ ነጠላ ላይ ፈሶ ስምዖን ስለተቆጣው፣ የአሁኑን በኮባ ጠቅልሎ በቃጫ አስሮ ሰደደው። እጁም የሠለጠነ ነው፤ አስተሳሰሩ ከአማቴ አይተናነስም።

ስምዖን ሁለቱንም ለእኔ ሰጠኝ። የትኛው የማን እንደሆነም በግልጽ ነገረኝ። ባጃጅ ውስጥ እግሬ ሥር አስቀመጥኳቸው፤ ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ ሁለቱም ተንከባለሉ፣ እኔም አነሳኋቸው። ከዚያ የሆነውን እግዜር ያውቃል። አንዱን ለጀማሉ ሰጠሁት፤ ሌላውን ወጥ ቤት አስገብቼ ሀሴትን እንዳትነኪው አልኳት። ጀማሉ ኮባውን አልፈታም፤ ጀሪካኑን ከምድጃው ሙቀት ይጠብቅልኛል ብሎ ወደደው። ክዳኑን ብቻ ከፍቶ ቱቦውን ከተተና ሰቀለው። ሌላ ሰው ቢሆን ክዳኑ ሲከፈት ያውቅ ነበር።

መስከረም አሥራ አራት ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ ስወጣ መንገዱ ቆሟል። ባጃጆች ተሰልፈዋል፤ ሰልፉ ግን የባጃጅ ሳይሆን የዳቦ ነው። ከመናኸሪያው እስከ ባንኩ ድረስ አየሩ ያስጎመጃል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው ዳቦ አልቆ ሁለተኛው ገባ። እትዬ ዓለምዘውድ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሁሉ ይስቃሉ። ጀማሉ በሩ ላይ ቆሞ ምርቃት ይቀበላል። "ምን አድርገህበት ነው?" ሲሉት ዳቦውን አሽትቶ "ወላሂ ምንም አይሸትም" ይላል፤ ሰዉ ቀልድ መስሎት ይስቃል። እኔም አላረፍኩም፤ አየሩን እንዲጨምር የመከርኩት እኔ ነኝ እያልኩ ለሰልፈኛው ሳስረዳ ነበር።

አማቴ በዚህ መሀል ከሚኒባስ ወረዱ። ሮጬ ሄጄ ዕቃቸውን ተቀበልኩ። ሰላምታውን ሳይጨርሱ አፍንጫቸውን ወደ ዳቦ ቤቱ አዞሩ። ሰልፉን አልፈው ገቡ፤ ሰዉም ለሽበታቸው መንገድ ለቀቀ። አንድ ዳቦ ገምሰው አሸተቱ፤ አልቀመሱም።

"ይህ የኔ ቅቤ ነው" አሉ።

እትዬ ዓለምዘውድ ሳቁ። "እናቴ፣ ዳቦው ቅቤ የለበትም። ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨውና ውሃ ነው።"

"ኮሰረቱስ?"

ጀማሉ ወደ ኋላ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። በቢላ ቃጫውን በጠሰና ኮባውን ገለጠ። ጀሪካኑ ቢጫ ነው፤ ውስጡ ያለውም ቢጫ ነው። ከሥሩ የቀረው ሦስት ጣት ያህል ነበር። አማቴ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡና "ዓመት ሙሉ" አሉ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ውጭ ወሬው ደርሶ ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። እትዬ ዓለምዘውድ ግን ነጋዴ ናቸው። ጀማሉን በጆሮው "ስማ፣ በየቀኑ ዘይቱ ላይ አንድ ጭልፋ ቅቤ ብንጨምርበትስ?" አሉት።

ጀማሉ አልሳቀም። የእሳቱን ጉድጓድ አየ፤ ከዚያ ዳቦው ያለበትን አየ።

"እትዬ" አለ፣ "ቅቤው የነደደው ከሥር ነው። ጭሱ መውጣት ያለበት በጭስ ማውጫው ነው። ዳቦው ያለው ከላይ ነው፤ በመሀሉ ጡብ አለ። ሽታው በየት አለፈ?"

ይህን ጥያቄ መጠየቅ የነበረበት ደመወዝ የሚበላበት የፊዚክስ መምህር ነበር።

"ሽታው ካለፈ ጭሱም አልፏል" አለ ጀማሉ። "ሰዉ እውነቱን ነበር። ያበላሁት የሞተር ጭስ ነው።" እጁን ሰዶ የዘይቱን ቱቦ ዘጋው። ሰልፉ እዚያው ቆሟል፤ ገና ያልተጋገረ ሊጥ አለ። ዝም ቢል ኖሮ የከተማው ጀግና ሆኖ ይውል ነበር።

እትዬ ዓለምዘውድ ፊታቸው ጠቆረ። "ቀንህ አልተጨመረም" አሉት።

"አውቃለሁ፣ እትዬ። ምድጃው ይብረድ።"

የጡብ ምድጃ ለመብረድ አንድ ቀን ይፈልጋል። በማግስቱ ጀማሉ ባትሪ ይዞ በምድጃው አፍ እስከ ወገቡ ገባ። ስንጥቅ ሲፈልግ ዋለ። ነገር ግን የሃያ ዓመት ጥቀርሻ ሁሉን ነገር አንድ ዓይነት ጥቁር አድርጎታል። ሲወጣ ከጥርሱ በቀር የሚታይ ነጭ ነገር አልነበረውም። በእጁ ዳሰሰ፣ በመዶሻ አንኳኳ፣ እኔ ሻማ ለኮስኩለት፤ አልተገኘም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሣሪያዎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

በዚህ ጊዜ አማቴ መጡ። የመጡት የተረፈችውን ሦስት ጣት ቅቤ ሊወስዱ ነው። ጀማሉን እንደዚያ ሆኖ ሲያዩት "ምን ጠፋብህ?" አሉት። ነገራቸው። ነጠላቸውን ለእኔ ሰጡኝ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ጠበቅ አደረጉ፣ ተንበረከኩና ጭንቅላታቸውን ምድጃው ውስጥ ከተቱ። ረጅም ትንፋሽ ሲስቡ ተሰማን።

"ወደ ግራ" አሉ ከውስጥ። "አሁንም ግራ። ወደ ኋላ። እዚህ ጋ፣ ልጄ። ቅቤዬ በዚህ ነው ያለፈው።"

ጀማሉ በጠቆሙት ቦታ ጥቀርሻውን ፋቀ። ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ወጣ፤ ዳርና ዳሩ በቅቤ ወዝቷል። ስንጥቁ ከማሽኑ በፊት የነበረ ነው፤ የእንጨት ጭስ በዚያ ሲገባ ደንበኛው የእትዬ ሙያ መስሎት ይወድደው ነበር። ሸክላ ፈጭተን ከጭቃ ጋር ለወስን። አማቴ ጭቃው ቀጥኗል እያሉ ሁለት ጊዜ አስደግመውናል።

በደመራ ቀን ጠዋት ማሽኑ ተነሳ። የነደደው ዘይት እኛ ወጥ ቤት በክብር ተቀምጦ የከረመው ነው። ዳቦው ወጣ። እትዬ ዓለምዘውድ ቆርሰው አሸተቱ፣ ለአማቴ ሰጡ። አማቴ አሸተቱ፣ ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ደጋግሜ አሸተትኩ። ጀማሉ የሦስታችንን ፊት ተራ በተራ ያያል፤ ሌላ ማወቂያ የለውም።

"ምንም አይሸትም" አሉ አማቴ።

"እኔስ መጀመሪያም ይህንኑ አልነበር ያልኳችሁ?" አለ ጀማሉ። እትዬ ዓለምዘውድ በሩን ከፍተው ደንበኛ ለመጥራት ወጡ።

አማቴ የቅቤዋን ጀሪካን ከዘንቢላቸው አወጡ። ካለችው ላይ በማንኪያ ጨልፈው ትኩስ ዳቦ ቀቡና ለጀማሉ ሰጡት። "ዓመት የጠበቅኩት ነው" አሉት። "አሽትተው።"

ጀማሉ ዓይኑን ጨፈነ። ትንፋሹን ሳብ አደረገ።

"ይሸታል፣ እናቴ" አላቸው። "በጣም ነው የሚሸተው።"

ወላሂ ግን አላለም።