በአሮጌው ካርታ የተቆፈረው ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከስልኳ አንድ ፎቶ ወደ ላፕቶፔ ላከችልኝ። ገመድ የለ፣ ፍሎፒ የለ፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ደረሰ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» ብትለኝ የነገርኳት ይኸንን ነው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የውሃ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ አታሚው ውስጥ የተሰነቀረ ወረቀት መጎተትም የእኔ ሥራ ነበር። ሦስት ዊንዶውስ ኮምፒውተሮችና ፈረንጆቹ ትተውልን የሄዱት አንድ ማኪንቶሽ ነበሩን። በማኪንቶሹ ዘሃራ የምትባል ባልደረባዬ የጉድጓዶቹን ካርታ ትሠራለች። የእሷን ፍሎፒ ዊንዶውሶቹ ላይ ስንከተው አላውቀውም ይላሉ። ስለዚህ ካርታ የፈለገ ሁሉ ደረጃውን ወጥቶ ወረቀቱን ከእጇ ይቀበል ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግርማ «አገናኛቸው፤ ምን እንደሚገዛ አንተው ምረጥ» አሉኝ። አዲስ አበባ ላሉ ሱቆች ስደውል ወር ሞላኝ። በመጨረሻ በአንድ ገጽ ጻፍኩ፦ ገመዶቹ የሚሰኩበት ስዊች፣ ገመድ፣ እና ዊንዶውስና ማኪንቶሽን ፋይል የሚያለዋውጥ፣ በሲዲ የሚመጣ ሶፍትዌር።

የግዥ ኮሚቴው የሚሰበሰበው መጋዘኑ ባለበት ኮምቦልቻ ነበር። ነሐሴ ነው። እኔና አቶ ግርማ ደሴን ለጉሟ ትተን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን፤ መንገድ ዳር የገዛነውን የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየጋጥን ገባን። ስዊቹና ገመዱ ወዲያው አለፉ። ሶፍትዌሩ ላይ ስንደርስ የመጋዘን ኃላፊው ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሲዲ እኮ አንድ ካርቶን ሙሉ አለን። ይኸኛው በምን ተለየ?»

«ውስጡ ባለው ፕሮግራም ነው፣ ጋሼ።»

«ወላሂ፣ ውስጡን ቆጥሬ መረከብ አልችልም።»

ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አቶ ግርማ ሰዓታቸውን አይተው «ገመዱ ከተዘረጋ ይበቃል፤ ሶፍትዌሩ ይቅር። ቃለ ጉባኤው ላይ እዚህ ጋ ፈርም» አሉኝ። ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ወንበሩን እየገፋ ተነሣ። ፈረምኩ።

ገመዱን ዘረጋሁ። ሦስቱ ዊንዶውሶች ተገናኙ። የቆዩትን ካርታዎች በስካነር አስገብቼ የጋራ ፎልደር ከፈትኩና «ከእንግዲህ ደረጃ መውጣት ቀረ፤ ከዚህ ውሰዱ» አልኳቸው። የማኪንቶሹም ገመድ ተሰክቷል፤ ስዊቹ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል፤ ፋይል ግን አያልፍም። ዘሃራ «መብራቱን እያዩ ካርታሽ ደርሶናል ይሉኛል» እያለች ታማርር ነበር።

ከገራዶ አለፍ ብሎ ላለ አንድ መንደር ጂኦሎጂስቱ የቁፋሮውን ቦታ ከጋራው ጥግ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ አወረደው። ዘሃራ አስተካክላ አተመች፤ ወረቀቱን ግን ሊወስድ የወጣ ሰው አልነበረም። ቆፋሪዎቹ አሮጌውን ከፎልደሩ አትመው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ተጠርቼ ደረስኩ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ነጭ አቧራ ብቻ ነው። ሴቶቹ ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው «ያ መሬቱን ሊያጠና የመጣው ሰውዬ ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርጎበት ነበር፤ ታች ነው። እኛን ብትጠይቁን ምን ነበረበት?» አሉኝ። መቆፈሪያው ለሌላ ወረዳ ተራ ተይዞለት ስለነበር ተነቅሎ ሄደ። ተመልሶ ወንዙ ዳር ውሃ ያወጣው በዓመቱ ነው።

ሶፍትዌሩን ዳግመኛ ጠየቅሁ። አቶ ግርማ አንብበው እንኳ ሳይጨርሱ ፈረሙና ቀና ብለው «ይኸን ያህል አስፈላጊ ከሆነ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከንም?» አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ።

ልጄ ይኸን ሰምታ «እንግዲያው ጥፋቱ የኮሚቴው ነው» አለችኝ። ለዓመታት እኔም እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ፤ በጋሽ ሰይድ አነጋገር ስንት ሰው አስቄያለሁ። አሁን ሳቁ አይመጣልኝም። እሳቸው የማያውቁትን አላውቅም አሉ፤ አቶ ግርማም አላወቁም። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ፈረመ። እነዚያ ሴቶች ሌላ አንድ ዓመት ከወንዝ ሲቀዱ ኖሩ።