እትዬ በላይነሽ የሌሉበት ድስት

ውሸት ነው በሉኝ! ጠዋት የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ፣ «አሁን እትዬ በላይነሽ ማማሰያቸውን ይዘው ይወጣሉ» ብዬ አሰብኩ። ለካ የተነፋው ለእሳቸው ነው። ምነው ባልሰማሁ!

ለማታውቋቸው፣ እትዬ በላይነሽ እዚህ አዳማ የግድግዳ ጎረቤቴ ነበሩ። በሰፈራችን ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ትልቁን ድስት የሚጥዱት እሳቸው ናቸው።

አምና ወጥ ልማር ብዬ ኩሽናቸው ገባሁና ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ። «ኮቱ፣ ነይ ወዲህ! ስልኩን አስቀምጪና ማማሰያውን ያዢ» አሉኝ፣ እንደ ልማዳቸው ኦሮምኛውን ከአማርኛው ቀላቅለው።

«በኋላ አየዋለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ስንቴ ጠሩኝ! እኔ ግን አንዴ ፈረቃ አለብኝ፣ አንዴ ደክሞኛል። ሽሮው ከሱቅ፣ በርበሬው ከባልትና ቤት፣ ሲብስም ወጡ ራሱ ከምግብ ቤት በላስቲክ ይመጣል። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁላችንም እንደዚያው ነን።

ዛሬ ከቀብር ለሚመለሰው ሰው ምስር ወጥ ልንሠራ ከድንኳኑ ጀርባ ሰባት ሴቶች ተሰበሰብን። ዘይቱ ይቅደም ሽንኩርቱ ብለን ተከራከርን፣ አይገርምም? ያንን ቪዲዮ ከፈትኩት። እጃቸው በርበሬ ዘግኖ ጣል ሲያደርግ ይታያል። እኔ «ስንት ማንኪያ ነው?» እላለሁ፣ እሳቸው ይስቃሉ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬውን ጨመርንበትና አረረ። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በሳል አለቀ። መጨረሻ ላይ ከሆቴል አዘዝን።

ከአቦምሳ የመጡት እህታቸው አንዴ ጎርሰው ሳህኑን መሬት አስቀመጡት። «በእህቴ ለቅሶ የምታበሉት ይሄን ነው?» አሉ። አንዳችንም ቀና ብለን ማየት አልቻልንም። እኔማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ በላይነሽ፣ እናቴ የሞተች ቀን እህል አልቀምስም ብዬ እምቢ ስል አጠገቤ ቁጭ ብለው በእጅዎ አጎረሱኝ። ያን ቀን የበላሁት ስለጣፈጠኝ አልነበረም፤ ሰው እንዳለኝ ስላወቅኩ ነው። እህትዎ ግን ዛሬ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው።

ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ። ደህና ይሁኑ።