የጠየመችው መስኮት

ያን ዓመት ክረምቱ አልወጣ ብሎ ነበር። ልብስ አይደርቅ፣ ጫማ አይደርቅ፤ ሰዉ ሁሉ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። እማማ መስታወት ግን እያንጎራጎረች ነበር የምትሠራው። ፋሻና መርፌ በጨረር ከጀርም በሚያጸዱበት ፋብሪካ ጽዳት ነበረች፤ ስሙን ያወጡላት ወደ ጨረሩ ክፍል የሚታይባትን ወፍራም መስኮት እንደ ልጅ ፊት ስለምታብሳት ነው። ያስቀጠራት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገችው፣ ኋላ የጨረሩ ማሽን ኃላፊ የሆነው።

ክረምቱ ሳያልፍ መስኮቷ ጠየመች። መጀመሪያ እንደ ማር፣ ቆይታ እንደ ወፍራም ሻይ። በሳሙና ብትል፣ በአመድ ብትል፣ ወይ ፍንክች!

«እማማ፣ ዓይንሽ ነው ክንድሽ የደከመው?» አላት የበር ጠባቂው።

«ና ሞክራታ! እኔስ መዳፌ ተልጦ አለቀ።»

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ «ማነው ያበላሸው?» ሲል፣ ወንድሟ መሬት መሬት እያየ «በአሲድ ፈትጋው መሰለኝ» አለ። እሷ ባልዲዋን ይዛ እዚያው ቆማለች። አሲድ በእጇ ነክታ አታውቅም። እስከ ሳምንት ካላጠራሽው ውጪ ተባለች።

በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ለጥገና ቆሞ ክፍሉን ልትጠርግ ስትገባ፣ ወንድሟ ረስቶት የሄደ የውሃ ብርጭቆ ጥግ ላይ አገኘች። እሱም ጠይሟል፤ ማንም ሳይፈትገው። ማሽኑን ሊጠግን ለመጣው ሽማግሌ አሳየችው።

«ጨረር ነዋ!» አላት። «ተራ መስታወት እስከ ውስጡ ያጠይማል። የማይጠይም መስታወት ለብቻው አለ፤ ወንድምሽ ግን ተራውን ተቀብሎ አስገጠመ። ነግሬው ነበር እኮ። ይህቺን ብርጭቆ በደንብ አሙቂያት፣ ትመለሳለች።»

ሰፈሯ ያለው ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ አስከተተችው። ጠራ። በማግስቱ ወንድሟ ፊት አቆመችው።

«ታውቅ ነበር?»

«እትዬ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። እኔን ከወንበሬ ያነሱኛል፤ አንቺ ጽዳት የትም አታጪም።»

«ስለ ጽዳቱ ነው የጠየቅሁህ?»

እሷ ብርጭቆውን ይዛ ሥራ አስኪያጁ በር ድረስ ሄደች። ለማንኳኳት እጇን ስታነሣ፣ በትኩሳት የነደደ ሕፃን ወንድሟን አዝላ ሐኪም ቤት የሮጠችበት ቀን ድቅን አለባት። እጇን መለሰች። ብርጭቆውን ወንድሟ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ባልዲዋን ደፍታ ወጣች።

እሱ እስካሁን የማሽኑ ኃላፊ ነው። እሷ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከአንድ አውቶቡስ ማቆሚያ ጀርባ ባለ ትምህርት ቤት ነው፤ መስኮት አልነካም ብላ ተቀጥራ፣ ወለል ትጠርጋለች።