ወልዲያ ላይ ያጠበቅሁት ሰርግ

ንጋት፣ ደሴ መናኸሪያ

የገና ዋዜማ ነው። ጦርነቱ የዘጋው የወልዲያ መንገድ በቅርቡ ተከፍቷል፤ ደስታ እንቅልፍ ነስቶኝ አድሯል። እህቴ ትርንጎ ልትዳር ነው! ስልክ ስለሌለ በሰው እጅ የላከችልኝ ብጣሽ ወረቀት «ሁላችንም ደህና ነን። ሰርጉ ገና ነው» ይላል። በሕይወት መኖራቸው ሳያንስ ሰርግ!

ጋቢና ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ሰይድ ሥራዬን ጠየቀኝ።

«የአውሮፕላን ጥገና መመሪያ እጽፋለሁ።»

«ምን እያልክ?»

«ይህን ብሎን ይህን ያህል አጥብቅ እያልኩ። መካኒኩ አንዱን ቃል ሁለት ዓይነት እንዳይረዳው።»

«ወላሂ፣ እኔ የጎማዬን ብሎን በእግሬ ረግጬ ነው የማጠብቀው። ማንም አልጻፈልኝ!»

መኪናው በሳቅ ሞላ። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ ተሳፋሪውን በሙሉ ለነገው ሰርግ ጋበዝኩ፤ ቤታችንንም በምልክት አስረዳሁ።

ረፋድ፣ መርሳ

ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ ታንክ፣ በራቸው የተገነጠለ ሱቆች። ከሱቆቹ ፊት ግን ብርቱካንና ፓፓያ ተከምሯል፤ ሻጩ ይጣራል፣ ገዢው ይከራከራል። አብረውን የተሳፈሩት የግራና ከተማ ነጋዴ እትዬ ዘይነባ እዚህ ወረዱ።

«የሙስሊም በግ ይታረዳል?»

«እንዴታ፣ እትዬ!»

«እንግዲያ ኢንሻአላህ እመጣለሁ።»

ሲሪንቃን ስናልፍ ሰው ማሽላ ያጭዳል። መስኮቱን ከፍቼ እጄን አውለበለብኩ። ሁሉም መለሱልኝ።

ከሰዓት፣ ወልዲያ

አባባ አንገቴን አቅፎ አልለቅም አለ። ቤቱ ባዶ ነው፤ ወንበሩም አልጋውም ተዘርፏል። ትርንጎ ከሻንጣዬ ነጭ ቀሚስ ስታይ ክው አለች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቬሎሽ ነዋ! ሰርጉ ነገ፣ ገና አይደል?»

«አላልተህ አንብበው እንጂ! ገና ነው፣ አልደረሰም ነው ያልኩህ። አባባ በባዶ ቤት ሰው አልጠራም ብሏል። አንተ ደግሞ ገናን አጠበቅኸው!»

ጦርነቱን ሙሉ ከሰፈራችን ልጅ ጋር የምትጋባበትን ቀን ስትጠብቅ የኖረችው እህቴ ሳቅ ጀምራ አለቀሰች። አንዱ ቃል ሁለት እንዳይሆን ደሞዝ የምበላው እኔ ምድር ጠበበችኝ።

«አባባ፣ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ጋብዣለሁ» አልኩ በቀስታ።

«በምን ላስተናግድ? በስተርጅና አንገቴን ልታስደፋኝ!» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እህቴ ቀሚሱን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ መለሰችው።

የገና ዕለት፣ ረፋድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ውጭ ክላክስ አምባረቀ። የሰይድ ሚኒባስ ነው፤ መብራቱን በቀን አብርቷል። እትዬ ዘይነባ ብርቱካን በጆንያ ይዘው ወረዱ፤ የትናንቶቹ ተሳፋሪዎች ተከተሏቸው። ሁለት በጎች ከጣሪያው ላይ ይጮኻሉ። አባባን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሰይድ እጅ ነሳ። «አባባ፣ እንኳን አደረሰዎ። ቤትዎ መዘረፉን መናኸሪያ ላይ ሰምተናል፤ የኛም ቤት ያው ባዶ ነው፣ አብሽሩ። አንዱን በግ አንቱ ይባርኩ፣ አንዱን እኔ።»

አባባ ደጁ ላይ ቆመ። እንግዶቹን አየ፤ ባዶውን ቤት አየ። ነጠላውን አስተካከለ።

«ግቡ፤ ቤት ለእንግዳ!» አለ። «ትርንጎ፣ ያንን ቬሎ ልበሺ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተም ሂድና ሙሽራውን ጥራው። ወረቀት እንዳትልክበት፣ በአፍህ ንገረው!»