በሩ ላይ የተማርኳቸው የዘመድ ስሞች

ሥራ የገባሁ ቀን ዝናብ ነበር። ነቀምቴ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ የውጭ ሐኪሞች በከፈቱት ክሊኒክ በር ላይ ነው የተመደብኩት። የዘበኞች አለቃችን ዱላ፣ የእጅ ሬዲዮ፣ መዝገብና ቁጥር ያላቸው ባጆች አስረከበኝ።

"ጋሽ ተሰማ፣ ደንቡ አንድ ነው" አለኝ። "ከአንድ በሽተኛ ጋር አንድ የቅርብ ዘመድ ብቻ ይገባል። ምኑ እንደሆነ በሬዲዮ ለማዳም ይነግሯታል።"

ማዳም የነርሶቹ ኃላፊ ናት። አማርኛም ኦሮምኛም አታውቅም። በዚያው ቀን ወደ በሩ መጣችና ሕፃን እንዳቀፈ ሰው ሆና "ሜር" አለችኝ። እናት ማለቷ መሆኑ ገባኝ። የመጀመሪያዋ ቃሌ እሷ ናት።

እኔ አራተኛ ክፍልን አልጨረስኩም። የሰማሁትን በፊደላችን የመዝገቡ የኋላ ሽፋን ላይ እጽፍ ነበር። ፔር አባት፣ ፍሬር ወንድም፣ ሰር እህት፣ ታንት አክስት። አጎት ላይ ትንሽ ተቸገርን። በኦሮምኛ የእናት ወንድም ኤሱማ ነው፤ የአባት ወንድም ሌላ ስም አለው። የማዳም አገር ሰዎች ሁለቱንም ኦንክል ብለው ተገላግለዋል።

አንድ ቀን ከጉቴ እግሩ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ መጣ። ተሸካሚዎቹ ሰባት ናቸው፤ ሰባቱም ወንድሙ ነን አሉ። በሬዲዮ "ፍሬር፣ ሰባት" አልኩ። ማዳም እየሮጠች ወጣች። ፈረንሳይኛ የሚያውቀው የክሊኒኩ ሾፌር አስተረጎመላት፤ "ሰባቱም ከአንድ እናት ናቸው ወይ? ትላለች።"

ከተሸካሚዎቹ አንዱ "ኦቦ ተሰማ፣ ስምንተኛው ከብት ሊጠብቅ ቀርቷል ይበሏት" አለ። በሩ ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አላፊ አግዳሚው "ኦቦ ተሰማ፣ አካም ጅርቱ! ፈረንጅ ሆኑ አሉ!" ይለኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። በዚህ ዕድሜዬ አወቀ መባል ደስ አለኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ ማዳም በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። የእህቷ ልጅ ናት። እህቷ ግን አልወለደቻትም፤ ወስዳ ነው ያሳደገቻት። እህቷን "ሜር አዶፕቲቭ" አለቻት። ሾፌሩ "አሳዳጊ እናት ማለቷ ነው" አለኝ። ማዳም እንደ ማንኛውም ወሬ ነው ያወራችው። እኔም ቃሏን ጻፍኳት።

እኛ ዘንድ ግን እንዲህ አይወራም። ጉዲፈቻ የሚወስድ ሰው በሽማግሌ ፊት ይወስዳል፣ ይደግሳል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ የአብራኩ ክፋይ ነው። ድግሱን የበላ ሁሉ ያውቃል፣ የሚያወራ ግን የለም፤ ለልጁም አይነገረውም። እኔ ወላጆቼ ከሸዋ የመጡ ቢሆኑም ተወልጄ ያረጀሁት ወለጋ ነው። ይህን አላውቅም ነበር አልልም።

አዴ ጫልቱን የማውቃት ከጊዳ አያና ነው። እዚያ ወፍጮ ቤት ስጠብቅ ጎረቤቴ ነበረች። ቢፍቱን ገና በጨርቅ ተጠቅልላ ስትወስዳት ድግሱ ላይ ነበርኩ፤ መርቄያለሁም። የልጅቷ ወላጆች ኪራሙ የሰፈሩ አማሮች ነበሩ። እናቷ በወሊድ ሞተች፣ አባቷ ማሳደግ አልቻለም። ኋላ አገሩ ሲታመስ ጫልቱ ባሏን ቀብራ፣ ልጅቷን ይዛ ነቀምቴ ገባች።

አንድ ጠዋት ሁለቱ በሩ ላይ ደረሱ። ቢፍቱ ጉብል ሆናለች። ሆዷን ይዛ ታጥፋለች፤ ጫልቱ ደግፋታለች።

"ኦቦ ተሰማ፣ ልጄን ይድረሱልኝ!"

"አይዞሽ" ብዬ ሬዲዮውን አነሳሁ። ማዳም አብራት ያለችው ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ።

"ሜር አዶፕቲቭ" አልኩ።

ክፋት አልነበረብኝም። አዲስ ቃል ይዤ ነበር፤ በትክክል የተናገርኩም መስሎኝ ነበር። "ብራቮ ተሰማ" አለችኝ። ያልወለደ አሳዳጊ ወረቀት ካላመጣ አይገባም የሚል ደንብ እንዳላቸው አላወቅሁም።

ወዲያው የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በመስኮት ብቅ አለችና በሰልፈኛው ፊት በኦሮምኛ ጮኸች። "የጉዲፈቻ እናት የተባለችው ማናት? ወረቀት ታምጣ! ያለ ወረቀት አብራ አትገባም!"

ሰልፈኛው ወደ ሁለቱ ዞረ። ታጥፋ የነበረችው ቢፍቱ ቀና ብላ ጫልቱን አየቻት። ጫልቱ እኔን አየችኝ።

ወደ ማዳም ሮጥኩ። "ሜር" አልኳት። "ሜር ብቻ።"

በሾፌሩ በኩል መለሰችልኝ። "አንተው ነህ የነገርከኝ። አሁን አዝነህላት ነው። ልጅቷ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ሐኪሙ ራሱ ይፈርምላታል።"

ልጅቷ ብቻዋን ገባች። ጫልቱ ሦስት ቀን በሩ ላይ ዋለች። የማስገባቱም የመከልከሉም ሥራ የእኔ ነውና እኔው ከለከልኳት። ወንበሬን ሰጠኋት፤ መሬት ላይ ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን "ድግሴን በልተህ ነበር" አለችኝ። እስከዚያ ድረስ አንቱ ነበር የምትለኝ።

በአራተኛው ቀን ቢፍቱ ድና ወጣች። የመውጫ ወረቀቷን ተቀበልኳት። ጫልቱ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ "ሃርሜ" ነበር የምትላት፤ እማዬ ማለት ነው። ያን ቀን ጎረቤት እንደሚጠራ "አዴ ጫልቱ፣ እንሂድ" አለቻት። የተዘረጋላትንም እጅ አልያዘችም።

ሐኪሞቹ ሥራቸው ሲያበቃ ሄዱ። ማዳም የምስክር ወረቀት ሰጠችኝ፤ ትጉና ጠንቃቃ ሠራተኛ ይላል። ሣጥን ውስጥ አለ። ጫልቱን ገበያ ላይ አያታለሁ። ብቻዋን ናት። ቢፍቱ የወለዱኝን ልፈልግ ብላ ወደ ኪራሙ እንደሄደች ነገሩኝ። ዛሬ ያ መንገድ ምን እንደሚመስል እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እስካሁን ወሬዋ አልተሰማም።

በር ለምትጠብቁ የምለው ይህ ነው። የተጠየቃችሁትን መልሱ፣ የምታውቁትን ሁሉ አታውጡ። እኔ የተጠየቅሁት ከልጅቷ ጋር ያለችው ማን ናት ተብዬ ነው። መልሱን ሥራ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ሜር።