ዓሣው ቀድሞን ሰምቶ ነበር

ትናንት ከሰዓት ልጄ ግቤ ወንዝ ዳር ወሰደኝ። አዲስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ገዝቶ፣ መንጠቆው ላይ በላባ የተሠራ የውሸት ዝንብ አስሯል። ሙያውን የተማረው ከዩቲዩብ ነው።

«አባዬ፣ ዓሣ እኮ የሰው ኮቴ በመሬት በኩል ይሰማዋል!» አለኝ።

ይሄንን በደርግ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ አስተምሮኛል።

ያኔ ሀቢቾ በሚባል የገጠር ቀበሌ አስተማሪ ነበርኩ። ቀበሌው ማርቆስን ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምለው፣ እሱ ቆላ ወርዶ ግቤ ዳር ተደበቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆጮ ይዤለት እሄዳለሁ። እሱ የዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ በክር እየጠመጠመ ዓሣ ሲያታልል ይውላል።

«ጋሼ፣ ጫማህን ከላይ አውልቀህ ና» ይለኛል ሁልጊዜ። «ወሬህ አያስበረግገውም፤ እግርህን ግን ከሩቅ ያውቀዋል። ጥላህንም ውሃው ላይ አትጣል።»

ዓሣ ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ከኋላው ቀስ ብለን እንጠጋለን። ማርቆስ እጁን በሳሙና ከታጠበ መንጠቆ አይነካም፤ ይሸተዋል ባይ ነው። እስቅበት ነበር። ሰው ነፍሱን ለማዳን ተደብቆ ስለ ዓሣ አፍንጫ ይጨነቃል እንዴ!

የመጨረሻዋ ቅዳሜ እንደ ልማዴ ጫማዬን መንገዱ ዳር አውልቄ ወረድኩ። ከድንጋዩ ሥር አምስት ስድስት ዓሣ ቆሟል። ማርቆስ ላባውን ሊጥል እጁን ሲያነሳ... ሁሉም ብትን አሉ።

ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ሰው እየመጣ ነው። ልሂድ።»

«የምን ሰው? የራስህ እግር ነው የበተናቸው» አልኩት።

«አልተንቀሳቀስኩም እኮ!»

«ተው እንጂ ማርቆስ! ፍርሃት አእምሮህን ሊነካው ነው። ቁጭ በልና ቆጮህን ብላ።»

ወንዙን አየ፣ እኔን አየ። በእኛ ቤት ታላቅ ከተናገረ አለቀ። «እሺ ጋሼ» ብሎ ተቀመጠ። ቆጮውን ቆረሰ፣ ለእኔም ሰጠኝ።

ጉርሻዬን ሳልውጥ ከኋላችን ሳል ሰማሁ። ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ናቸው። አንደኛው ጫማዬን በክሩ አንጠልጥሎ ይዞታል።

«መምህር፣ ጫማዎን መንገድ ላይ ጥለዋል» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ባናየው ኖሮ እናልፍ ነበር።»

ማርቆስ አልሮጠም። መንጠቆውን እጄ ላይ አስቀመጠና «ላባው እንዳይረጥብ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሰሜን ጦር ግንባር እንደላኩት ሰማን፤ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም፣ መርዶም የለም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳ ነበር። ጫማውን ግን መልሰውልኛል... አንድም ቀን አላደረግኩትም።

ትናንት ልጄ መንጠቆውን ሊወረውር ሲል ዓሣዎቹ ድንገት ተበተኑ።

«ምንም አይደለም አባዬ፣ ቁጭ በል» አለኝ።

ብድግ ብዬ ዞርኩ። አንዲት ላም ውሃ ልትጠጣ እየወረደች ነበር።

ዓሣን ለማመን ሠላሳ ምናምን ዓመት ፈጀብኝ።