አንድ ቅል፣ ሁለት አፍ

ታላቅ ወንድሜ «እንታረቅ» ብሎ ሽማግሌ ሲልክብኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ሰው ስትሰድብ የማትፈራው ሰውዬ፣ እንታረቅ ሲሉህ ትፈራለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን የፈራሁት ወንድሜን ሳይሆን ቅሉን ነበር።

በእኛ መንደር፣ ከሸዋ ቤንች ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ የተጣሉ ወንድማማቾች በንግግር ብቻ አይታረቁም። ሽማግሌዎቹ የሁለቱንም ሰምተው፣ ሁለቱንም ገሥጸው ሲጨርሱ አንድ ቅል ቦርዴ በሚባል፣ ከእህል በሚጠመቅ አስካሪ መጠጥ ይሞላል። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ይቀመጡና ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንዱ ቅል በአንድ ጊዜ ይጠጣሉ። አንዱ ከቸኮለ በሌላው ደረት ላይ ይፈሳል፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ፣ እየጠበቀው ነው የሚጠጣው። ቅሉ ባዶ ሲሆን ጠቡም አለቀ ማለት ነው። አባታችን ከአጎታችን ጋር እንዲህ ሲታረቅ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ በሕይወቴ ከዚያ የሚያምር ነገር ብዙ አላየሁም።

እኔ ደግሞ መጠጥ የተውኩ ሰው ነኝ።

ሥራዬ በቴፒ ዙሪያ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን መጠገን ነው። ቡናው ቀልቶ በሚለቀምበት ወቅት ማሽን ተበላሽቶ ማደር የለበትም፤ የተለቀመው እሸት ከሰነበተ ይበላሻል። ማሽኑ ሲነሣ ሁሉም ሰው እፎይ ይላል፣ መካኒኩም ይጋበዛል። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ይባላል፤ እኔንም መጀመሪያ ሰዎች ጋበዙኝ፣ ቀጥሎ እኔ ሰዎችን ጋበዝኩ፣ በመጨረሻ ራሴን በራሴ መጋበዝ ጀመርኩ። እጄ ብሎን መጨበጥ ሲያቅተው ባለቤቴ ያንኑ እጄን ይዛ አማን ከተማ ወዳለ ጸሎት ቤት ወሰደችኝ። እዚያ አመንኩ። መጠጡንም ተውኩ።

አንዳንድ ወንድሞች ሲመሰክሩ «ጌታን በተቀበልኩበት ቀን ጥማቱ ጥሎኝ ጠፋ» ይላሉ። እቀናባቸዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴም እናደድባቸዋለሁ። የእኔ ጥማት አልጠፋም። በሚዛን መናኸሪያ ጀርባ ባሉት ቦርዴ ቤቶች በኩል ባለፍኩ ቁጥር ሽታው እንደ ድሮ ጓደኛ ክንዴን ይይዘኛል። አንገቴን ደፍቼ፣ በልቤ እየጸለይኩ አልፋለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠብቀኛል፦ አንተ እውነት ተለውጠሃል? የተለወጠ ሰው እንዲህ ይጎመጃል? ከመጠጡ ይልቅ ይህ ጥያቄ ነው የሚያደክመኝ።

ከወንድሜ ጋር የተጣላነው በዋንዛ ዛፍ ነው። አባታችን ሲሞት የቡናው ማሳ እዚያው መንደር ለቀረው ለእሱ ሆነ፤ ይህ አላስከፋኝም። አንድ ዓመት ለቀማ ደርሶ ስሄድ ግን አባታችን ለጥላ ያቆየው ትልቁ ዋንዛ ተቆርጧል። ከሥሩ የነበረው ቡና ፀሐይ መትቶት ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ምን ቸግሮህ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። በለቃሚዎቹ ሁሉ ፊት «አባታችንን ደግመህ ቀበርከው!» ብዬ ጮህኩበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያኔ አንድ ጠብታ እንኳን አልቀመስኩም ነበር፤ ቁጣዬ መጠጥ አያስፈልገውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ስትወለድ እሱ አልመጣም፣ ሚስቱ ስትታመም እኔ አልሄድኩም።

እንግዲህ የሽማግሌው መልእክት ሲደርስ ነገሩ እንዲህ ሆነብኝ፦ ብጠጣ ራሴን አጣለሁ፣ ባልጠጣ ወንድሜን አጣለሁ።

ፈተና ሁልጊዜ ቀንድ አውጥቶ አይመጣም። ይሄኛው የመጣው መልካም ነገር ለብሶ ነው። መባ ከማቅረብ በፊት ከወንድም ጋር መታረቅ እንደሚገባ ስንት ጊዜ ሲሰበክ ሰምቻለሁ። ይህንኑ ቃል ውስጤ ያለው ድምፅ እየደጋገመ ነገረኝ፦ «ለእርቅ እኮ ነው። አንድ ቅል ነው። እሱም ቢሆን ግማሹ የወንድምህ ነው።» ሰይጣን ለጌታም ቃል ጠቅሶለት የለ? ለእኔ ቢጠቅስልኝ ምን ያስገርማል።

በጸሎት ቤታችን ያሉትን አንድ አረጋዊ ምክር ጠየቅኳቸው። አረጋዊው ንግግር አያበዙም። «ኃጢአት ነው አይደለም ብዬ አልፈርድልህም» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ከዚያ ቅል በኋላ ማታውኑ የት እንደምትገኝ ታውቃለህ?» አውቃለሁ፤ መናኸሪያው ጀርባ ነው የምገኘው። «እንግዲያው የምታውቀውን ተናገር፤ ጀግና መስለህ እንዳትሄድ ብቻ» ብለው ጸለዩልኝ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። ሞተር ሳይክሉ ጭቃው ውስጥ ስለተቀረቀረ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ወንድሜ በረንዳው ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ጠበቀኝ። ከስቷል። ጸጉሩ ሸብቷል። ሳየው እዚያው አቅፌው ማልቀስ አማረኝ፣ ግን ሥርዓቱ ገና ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሰሙን። እኔ ስለ ስድቤ ተወቀስኩ፣ እሱም ሳያማክረኝ ስለ ቆረጠው ዛፍ ተወቀሰ። ሁለታችንም «አጥፍቻለሁ» አልን። ከዚያ ቅሉ መጣ። በወንድሜና በእኔ መካከል ሲደርስ ያ የኮመጠጠ ሽታ ፊቴን ሞላው፣ ምራቄ በአፌ ሞላ። በቃ፣ ያን ጊዜ ነው ራሴን ያወቅኩት። ምንም የተለወጠ ሥጋ የለኝም።

«አልችልም» አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ቅሉን እንደያዙ «የከተማ ሰው ሆንክና ቅላችን ቆሸሸብህ?» አሉኝ። ሌላው ደግሞ «ሃይማኖቱ ነው፤ እኛን ኃጢአተኛ ማለቱ ነው» አሉ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። እሱን ሳየው ልጠጣውና ይለቅ ብዬ ነበር፣ እመኑኝ። እጄም ተዘርግቷል።

ጌታ ሆይ እርዳኝ ብቻ ነው ያልኩት፤ ከዚያ የረዘመ ጸሎት አልመጣልኝም። ኃይል የሚባል ነገርም አልወረደብኝም። አፌ ብቻ ተከፈተልኝ፣ በአማርኛ ሳይሆን በእናታችን ቋንቋ በቤንችኛ፦ «ቅላችሁን አልናቅኩም፤ ፈርቼው ነው። ይህን ብቀምስ ተመልሼ ቤቴ አልገባም። እምነቴ ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። እኔ ደካማ ነኝ፣ ራሴን አላምነውም። እግዚአብሔር ነው በየቀኑ ይዞ የሚያሳድረኝ።»

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። ፈራሁ ስል ሰምቶኝ አያውቅም፤ ልጅ ሆነን እባብ ስናይ እንኳ አልፈራሁም ባይ ነበርኩ። ከዚያ ቅሉን ከሽማግሌው እጅ በአክብሮት ተቀበለና መሬት አስቀመጠው። ወደ ቤት ውስጥ ተጣርቶ ለሚስቱ «ጨሞው ደርሷል?» አላት። ጨሞ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ ነው፤ በየጠዋቱ ጎረቤት ተጠራርቶ ይጠጣዋል።

«ጨሞ የእርቅ መጠጥ አይደለም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ቆጣ ብለው። «የጎረቤት መጠጥ ነው።»

«እኛ እንደ ጎረቤትም አልነበርንም፣ አባቴ» አለ ወንድሜ። «ከዚያ እንጀምር።»

ሽማግሌው አጉረመረሙ፣ ከሌሎቹ ጋር ተያዩ፣ በመጨረሻ «ቅሉ አንድ እስከሆነ ድረስ…» አሉ። የወንድሜ ሚስት ሌላ ቅል ሞልታ አመጣች። ጉንጩን ጉንጬ ላይ አደረገ፤ ያልተላጨው ጺሙ ወጋኝ። ጨሞው ይፋጃል፣ ሚጥሚጣውም በዝቷል። በአንድ ጊዜ ጎንጨት አልን፣ በአንድ ጊዜ አሳለን። ግማሹ በደረታችን ላይ ፈሰሰ፣ ሽማግሌዎቹም ሳቁብን። እንደገና ጀመርን። የእሱን ትንፋሽ እያዳመጥኩ፣ እየጠበቅኩት፣ ቀስ እያልን እስከ አተላው ጨረስነው።

ቅሉ ባዶ ሲሆን ሰዎች እልል አሉ፣ ተነሡ። ወንድሜ ግን ጉንጩን አላነሣም። በእንባ ይሁን በሚጥሚጣ በረጠበ ፊቱ እንደተደገፈኝ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ «እኔም እፈራዋለሁ» አለኝ። «ከነጋ ጀምሮ ያን ቦርዴ ሳስበው ነበር። ያንተን ግማሽ ሁሉ ልጠጣው ነበር ያሰብኩት። እኔንስ ማን ይዞ ያሳድረኝ?»

ስንት ቀን ተንበርክኬ ከወንድሜ ቅል አድነኝ ብዬ ጸለይኩ። ወንድሜንም አድነው ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጸለይኩም።